ሦስት ካርድ ዓለምን ሲበልጥ

ሪስክ በተባለው የሰሌዳ ጨዋታ አንድ ተጫዋች 42ቱንም ግዛት ጠቅልሎ ያዘ እንበል። ሕጉ በየተራው ስንት ወታደር ይሰጠዋል? ለእያንዳንዱ ሦስት ግዛት አንድ ወታደር ስለሚታሰብ ከግዛቶቹ 14 ያገኛል። ሙሉ አህጉር ለያዘ ደግሞ ጉርሻ አለ፦ ለእስያ 7፣ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ አምስት አምስት፣ ለአፍሪካ 3፣ ለደቡብ አሜሪካና ለአውስትራሊያ ሁለት ሁለት፤ ሲደመር 24። ሁለቱ አንድ ላይ 38 ይሆናሉ። ከመሬት የሚገኘው ገቢ ከዚህ አያልፍም። በዚያው ሕግ መሠረት ግን በአንድ ጨዋታ ውስጥ ለ11ኛ ጊዜ የሚመነዘሩ ሦስት ካርዶች 40 ወታደር ያስገኛሉ። እነዚያን ካርዶች ለያዘው ሰው በሰሌዳው ላይ የቀረችው መሬት አራት ግዛት ብቻ ልትሆን ትችላለች።

ጨዋታውን በቤት ውስጥ ጠረጴዛ ከበው የተጫወቱ ብዙ ሰዎች ይህን ስሌት ልብ ሳይሉት ይኖራሉ። ዓይናቸው የሚያርፈው በሰሌዳው ላይ ነው፤ አህጉር ይመኛሉ፣ ድንበር ያጥራሉ፣ ካርዱን በመጨረሻ እንደሚገኝ ምርቃት ያዩታል። እኔ እንደማየው ግን ከ1957 ወዲህ ያለው የሪስክና የዘመዶቹ ታሪክ ካርታው ቀስ በቀስ ለካርዱ የተሸነፈበት ታሪክ ነው። ጨዋታው ወደ ኦንላይን ሲገባ ደግሞ ይህ ሽንፈት ማንም ሊክደው የማይችል ሆነ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጨዋታው ፈጣሪ የጦር ሰው አልነበረም። አልበርት ላሞሪስ ፈረንሳዊ የፊልም ዳይሬክተር ነው። አንድ ልጅና አንድ ፊኛ በፓሪስ መንደሮች ሲከታተሉ የሚያሳየው "ቀዩ ፊኛ" የተባለው አጭር ፊልሙ በ1956 በካን ፌስቲቫል የአጫጭር ፊልሞችን ከፍተኛ ሽልማት አገኘ፤ አስከትሎም በፊልም ድርሰት ዘርፍ ኦስካር ተሸለመ። ንግግር የሌለበት ሊባል የሚችለውን ያንን የዋህ ፊልም የሠራው ሰው፣ በ1957 ደግሞ "የዓለም ወረራ" የሚል ስም የሰጠውን ጨዋታ ሚሮ በተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ በኩል ለገበያ አቀረበ። በ1959 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት፣ በሳሌም ከተማ የነበረው ፓርከር ብራዘርስ ጨዋታውን ሪስክ ብሎ አወጣው፤ በዓለም የታወቀውም በዚህ ስሙ ነው። ላሞሪስ በ1970 ኢራን ውስጥ ከአየር ላይ ፊልም ሲቀርጽ ሄሊኮፕተሩ ተከስክሶ ሞተ።

በዚያው በ1959 አለን ካልሃመር የተባለ አሜሪካዊ "ዲፕሎማሲ" የተባለውን ጨዋታ በራሱ ወጪ አሳትሞ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ብዙ ነገር ያስተምራል። ዲፕሎማሲ ዳይስ የለውም፣ ካርድም የለውም፤ በ34 ቁልፍ ቦታዎች ዙሪያ ሰባት ተጫዋቾች እየተማከሩና እየተካካዱ የሚዋጉበት ነው። ማንም ብቻውን ስለማያሸንፍ መነጋገር ግዴታ ነው፤ ጨዋታውን የሚያንቀሳቅሰውም ንግግሩ ነው። ሪስክ ይህ ሞተር አልነበረውም። ከሁለት ሰው በላይ በሚሳተፍበት የወረራ ጨዋታ ውስጥ ደግሞ አንድ የቆየ በሽታ አለ፦ ሁለቱ ሲዋጉ ሦስተኛው ተቀምጦ ይጠቀማል። ሁሉም ይህን ሲያውቅ ሁሉም ይቀመጣል፣ ድንበር ላይ ወታደር ይከምራል፣ ሌሊቱም ይነጋል።

ካርዱ የዚህ በሽታ መድኃኒት ሆኖ የገባ ነው። ሕጉ አጭር ነው። በተራህ ቢያንስ አንድ ግዛት ከያዝክ በተራህ መጨረሻ አንድ ካርድ ትወስዳለህ፤ አሥር ግዛት ብትይዝም ካርዱ አንድ ብቻ ነው፤ ምንም ካልያዝክ የለህም። የተቀመጠ ሰው ካርድ አያገኝም ማለት ነው። ካርዶቹ 44 ናቸው፤ 42ቱ የግዛት ስም ያለባቸው ሲሆኑ እግረኛ፣ ፈረሰኛና መድፈኛ ተብለው እኩል አሥራ አራት አሥራ አራት ይከፈላሉ፤ ሁለቱ ጆከር ናቸው። ሦስት አንድ ዓይነት፣ ወይም ከሦስቱም ዓይነት አንድ አንድ የያዘ ሰው በወታደር ይመነዝራቸዋል። የመጀመሪያው ምንዛሪ 4 ወታደር ነው፤ ከዚያ 6፣ 8፣ 10፣ 12፣ 15 እያለ ያድጋል፤ ከዚያ በኋላ በየጊዜው 5 ይጨመርበታል። ማን መነዘረ ሳይባል ዋጋው ለሁሉም በአንድነት ነው የሚያድገው። አምስት ካርድ ይዞ ተራው የደረሰው ሰው ቢወድም ባይወድም መመንዘር አለበት።

ቁጥሩን ጠለቅ ብለን እንየው። ከሙሉው ክምር በዘፈቀደ ሦስት ካርድ ያነሳ ሰው ሊመነዘር የሚችል ስብስብ የማግኘት ዕድሉ 42 በመቶ ነው። አራት ካርድ ሲሆኑ ዕድሉ ወደ 82 በመቶ ገደማ ይዘላል። በአምስት ካርድ ግን የማይመነዘር ስብስብ ጨርሶ የለም። ይህ ማለት ሁሉም በየተራው አንዲት ግዛት እየነጠቀ ከሄደ፣ በአራተኛውና በስድስተኛው ዙር መካከል እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጊዜ ይመነዝራል። ስድስት ሰው በሚጫወትበት ሰሌዳ የመጀመሪያው ዙር ምንዛሪ በ4 ጀምሮ በ15 ያበቃል፤ ሁለተኛው ዙር ከ20 ተነስቶ 45 ይደርሳል። መሬት ግን እንዲህ አያድግም። አውስትራሊያን በጨዋታው መጀመሪያ የያዘ ሰው በአሥረኛው ዙርም የሚያገኘው ያችኑ ሁለት ወታደር ነው።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያው ብልሃት ለጀማሪ የማይዋጥ ነው፦ መጀመሪያ መመንዘር ኪሳራ ነው። በሦስት ካርድ ስብስብ የተሟላለት ሰው 4 ወታደር ለመውሰድ ቢጣደፍ ለጎረቤቱ የ6ን በር ይከፍታል። ልምድ ያለው ተጫዋች ጭንቅ ካልያዘው በስተቀር እስከ አምስት ካርድ ይታገሣል። አንዳንዱም ግዛት ለመንጠቅ አቅም እያለው ሆን ብሎ አንድ ተራ ያለ ካርድ ያሳልፋል፤ አምስት ሞልቶ ያለጊዜው እንዳይገደድና ሌሎቹ ቀድመው ዋጋውን እንዲያስወጡለት ነው።

ጨዋታው ድንበር ሲሻገር እያንዳንዱ አገር ካርዱን በራሱ መንገድ ነካካው። በብራዚል አራት ወጣት መሐንዲሶች ያቋቋሙት ግሮው የተባለ ድርጅት በ1972 "ዋር" የሚለውን ጨዋታ አወጣ፤ በካርዶቹ ላይ በእግረኛና በፈረሰኛ ምትክ ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን አሉ፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋችም የሚስጥር ግብ ይሰጠዋል። በአርጀንቲና በ1970ዎቹ የወጣው ቴግ 50 አገሮች ያሉት ሲሆን ምንዛሪው 4፣ 7፣ 10 ብሎ ከዚያ በአምስት አምስት ያድጋል፤ ምልክቶቹ መርከብ፣ መድፍና የአየር ፊኛ ናቸው። የጣሊያኑ ሪዚኮ ግን ዕድገቱን ከነጭራሹ ተወው። ሦስት መድፍ 4፣ ሦስት እግረኛ 6፣ ሦስት ፈረሰኛ 8፣ ከየዓይነቱ አንድ 10፣ ጆከር ከሁለት ተመሳሳይ ጋር 12፤ ዛሬም ነገም ይኸው ነው። ጣሊያኖች ለተከላካዩም ሦስተኛ ዳይስ ጨመሩለት፤ ብራዚሎችም እንዲሁ። ሁለቱ ለውጦች ሲደመሩ ጨዋታው ጥቃት የሚከብድበት፣ መሬት ዋጋ ያለው፣ ትዕግሥት የሚከፈልበት ሆነ። በጣሊያን ጠንካራ የውድድር ባህል የተገነባው በዚህ መሠረት ላይ ነው። እኔ ይህን ከሁሉም ትርጓሜዎች የላቀ አድርጌ ባላየውም፣ መሬቱን ከካርዱ ለማስጣል የተደረገ ከልብ የመነጨ ሙከራ ስለሆነ አከብረዋለሁ።

አንድ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሳል። ዲፕሎማሲ ከ1963 ጀምሮ በፖስታ ሲጫወቱት ኖረዋል፤ ጆን ቦርድማን "ግራውስታርክ" በተባለች አነስተኛ መጽሔቱ የጀመረው ልማድ ለአሥርት ዓመታት ዘልቋል። ሪስክ ለምን በፖስታ እንዲህ አልተስፋፋም? መልሱ በዳይሱና በካርዱ ላይ ነው። አንድ ጥቃት ብቻ አሥራ አምስት ጊዜ ዳይስ መጣል ሊያስፈልገው ይችላል፤ እያንዳንዱን ጣይ አይቶ ልቀጥል ወይስ ላቁም ብሎ መወሰን ግድ ነው። ካርዶቹ ደግሞ ዓይነታቸው ለባለቤቱ ብቻ፣ ብዛታቸው ግን ለሁሉም መታወቅ አለበት። ዳይሱን የሚጥል፣ ካርዱን የሚያድል፣ ለማንም የማያዳላ ዳኛ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ያለ ድካም የሚሠራው ኮምፒውተር ብቻ ነበር።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ ነገሩ ፈጥኖ ሄደ። በ2000 የወጣው "ሪስክ 2" በኢንተርኔት የሚያጫውት ከመሆኑም በላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ትእዛዝ የሚሰጥበትን አጨዋወት አመጣ። ሲሊሶፍት የተባለው አነስተኛ ድርጅት "ሉክስ" በሚለው ጨዋታው ተጫዋቾች በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ ራሱን ችሎ የሚጫወት የራሳቸውን ቦት ጽፈው እንዲያዋጉ ፈቀደ። አርጀንቲናውያን ፕሮግራመሮች የአገራቸውን ቴግ በነፃ ሶፍትዌር ለሊኑክስ አዘጋጁት። በ2006 የተከፈተው ኮንከር ክለብ ደግሞ አንድ ተራ እስከ 24 ሰዓት የሚፈጅበትን፣ ሰው ከሥራ ሲመለስ ገብቶ የሚጫወትበትን ዘገምተኛ አጨዋወት አስፋፋ፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው የሠሯቸው ካርታዎች በመቶ የሚቆጠሩ ሆኑ። ዛሬ በስልክ የሚጫወቱት ባለፈቃዱ ሪስክ የተሠራው ሲድኒ በሚገኘው ኤስኤምጂ ስቱዲዮ ነው።

የኦንላይኑ ዋና ለውጥ ግን ርቀት ማሳጠሩ አይደለም። በጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ቤተሰብ በዓመት ጥቂት ጊዜ ይጫወት ይሆናል፤ ኦንላይን ላይ አንድ ሰው በአንድ ዓመት በመቶ የሚቆጠር ጨዋታ ይጨርሳል፣ ነጥብ ይመዘገብለታል፣ ደረጃው ይወጣል ይወርዳል። በዚህ ብዛት ውስጥ ልማድ አይሸሸግም። አህጉር ፍለጋ የሚሯሯጠው እየተሸነፈ፣ ካርድ የሚቆጥረው እያሸነፈ ሲሄድ ሁሉም አየ። ከሁሉም በላይ ጎልቶ የወጣው ደግሞ በሕጉ ውስጥ አጭር ቦታ ብቻ የተሰጠው ጉዳይ ነበር፦ አንድን ተጫዋች ከጨዋታ ያስወጣ ሰው የዚያን ተጫዋች ካርዶች በሙሉ ይወርሳል።

ይህን ቀረብ ብለን እንየው። ሦስት ሰዎች ቀርተዋል፤ ሰማያዊ፣ ቀይና ጥቁር። ስድስት ስብስብ ተመንዝሯል፤ ቀጣዩ 20 ያወጣል። ቀይ ተዳክሟል፤ በአምስት ግዛት ላይ የተበተኑ 9 ወታደሮች ብቻ አሉት፣ በእጁ ግን 4 ካርድ አለ። ሰማያዊም 4 ካርድ አለው፤ ከቀይ ድንበር ላይ ደግሞ 20 ወታደር አንድ ቦታ አከማችቷል። ተራው የሰማያዊ ነው፤ ከአራቱ ካርዶቹ ሦስቱ ስብስብ ናቸው። ጀማሪው ምን ያደርጋል? ሦስቱን መንዝሮ 20 ይወስዳል፣ በ40 ወታደር ቀይን ያጠፋል፣ አራት ካርዶቹን ይወርሳል። አሁን በእጁ 5 ካርድ አለ። ሕጉ ግን በውርስ የተገኘ ካርድ ወዲያው የሚመነዘረው በእጅ ያለው 6 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ይላል። አምስት ስለሆነ እስከሚቀጥለው ተራው መጠበቅ አለበት፤ በመካከሉ ግን ጥቁር ይጫወታል። ሰማያዊ ደግሞ ወታደሩ ተበትኗል፣ በእጁም አምስት ካርድ አለ። የነበረው አዳኝ ራሱ ታዳኝ ሆነ።

አዋቂው ካርዱን አይነካም። አራት ካርድ ይዞ መመንዘር ግዴታ አይደለምና፣ በ20ው ወታደር ብቻ ይነሳል። የሚያስከፍለውን አስቀድሞ አስልቷል። አጥቂው በሦስት ዳይስ፣ ተከላካዩ በሁለት ዳይስ ሲገጥሙ በአንድ ጣይ አጥቂው ሁለት ወታደር የሚገድልበት ዕድል 37 በመቶ፣ ሁለት የሚሞትበት 29 በመቶ፣ አንድ ለአንድ የሚለያዩበት 34 በመቶ ገደማ ነው። ባሪሽ ታን በ1997፣ እሱን አርሞ ደግሞ ጄሰን ኦስቦርን በ2003 በሒሳብ መጽሔት ላይ ይህንን በዝርዝር አስልተውታል፤ የቀድሞው ስሌት ዳይሶቹ ከተደረደሩ በኋላ ከፍተኛውና ሁለተኛው እርስ በርስ የተያያዙ መሆናቸውን ያላገናዘበ ነበር። በዚህ ስሌት ዘጠኙን ወታደሮች ለመግደል ሰማያዊ በአማካይ 7 ገደማ ይሞትበታል፤ በያዛቸው አምስት ግዛቶች ላይ አንድ አንድ መተው አለበት፤ በመነሻውም አንድ። ወደ 13 ማለት ነው። በ20 መነሳቱ ዳይስ ቢጠምበት እንኳ የሚበቃ ትርፍ ይሰጠዋል።

ቀይ ሲጠፋ በሰማያዊ እጅ 4 እና 4፣ 8 ካርድ ይሆናል። ከ6 በላይ ስለሆነ በዚያው ተራ፣ ጦርነቱ ሳይቆም፣ ካርዱ አራት ወይም ከዚያ በታች እስኪሆን መመንዘር አለበት። አንደኛውን ስብስብ በ20 ይመነዝራል፤ አምስት ይቀሩታል። አምስት ካርድ ሁልጊዜ ስብስብ አለውና ሁለተኛውን በ25 ይመነዝራል። 45 ወታደር በእጁ ይዞ ወደ ጥቁር ይዞራል፤ ጥቁር ድንበሩን ያጠረው ለ20 ወታደር ነበር። ሁለት ካርድም ተርፎታል። ሁለቱ አጨዋወቶች የተለያዩት በድፍረት ወይም በዕድል አይደለም፤ ሦስት ካርድ ቀድሞ በመመንዘርና ባለመመንዘር ብቻ ነው። ሰማያዊ የጀመረው በአራት ሳይሆን በአምስት ካርድ ቢሆን ኖሮ ደግሞ መልሱ ይገለበጥ ነበር፤ ተገድዶ ቀድሞ ቢመነዝርም ሁለት ይቀሩታል፣ ከቀይ አራት ሲጨመር 6 ሞልቶ በመካከል አንድ ጊዜ ይመነዝራል። ኦንላይን ላይ የበሰሉ ተጫዋቾች ካርታውን ከማየታቸው በፊት በስም ዝርዝሩ ጎን የተጻፈውን የካርድ ብዛት የሚያዩት ለዚህ ነው።

የዚህ ሕግ ሌላው ፊት ደግሞ ያሳዝናል። ካርድ ያለው ደካማ ሰው የሁሉም ዓይን ማረፊያ ነው። አራት ካርድና ስምንት ወታደር የቀረው ተጫዋች ምንም ሳያጠፋ የሁለት ኃያላን ሽሚያ ሜዳ ይሆናል። አንዱ መትቶት ሳይጨርሰው ከቀረ፣ ቀጣዩ ተረኛ ሁለት ወታደር ብቻ ገድሎ አራቱንም ካርድ ይወስዳል። ስለዚህ በዕድገት ምንዛሪ በሚጫወቱበት ሰሌዳ ሰውን አቁስሎ መተው ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው፤ ወይ ጨርሰው፣ ወይ አትንካው። ይህንንም የሚያውቅ ደካማ ተጫዋች ራሱን የሚያድንበት መንገድ አለው፦ ወታደሮቹን በአንድ ሩቅ ጥግ ይከምራል፣ አንዲት ግዛት ደግሞ በሌላው የዓለም ጫፍ ያስቀራል። እሱን ለማጥፋት ሁለቱንም ቦታ መድረስ ስለሚያስፈልግ ለአዳኙ ዋጋው ይወደድበታል።

በአፍሪካ ላይ ለአፍታ ልቁም። በተለመደው ሰሌዳ ኢትዮጵያ በስሟ የለችም፤ ምሥራቅ አፍሪካ በሚል ግዛት ውስጥ ተጠቃላለች። አህጉሩ ስድስት ግዛትና ሦስት በር አለው፦ ሰሜን አፍሪካ ለብራዚልና ለአውሮፓ፣ ግብፅ ለደቡብ አውሮፓና ለመካከለኛው ምሥራቅ፣ ምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ በቀይ ባሕር በኩል ለመካከለኛው ምሥራቅ ይከፈታሉ። ለ40ኛ ዓመቱ በታተመው ሰሌዳ ላይ ምሥራቅ አፍሪካን ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚያገናኘው መስመር ጠፍቶ ነበር፤ ኋላ ላይ ተመለሰ። መስመሯ ስትጠፋ አፍሪካ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ለመያዝ እጅግ የቀለለች አህጉር ሆና ነበር። ሦስቱም በር ሲከፈት ግን በየተራው 3 ወታደር ለማግኘት ሦስት ድንበር መጠበቅ ያስፈልጋል። በአራት ተራ 12 ወታደር ማለት ነው፤ ስምንተኛው ስብስብ በአንዴ 25 ይሰጣል። ብዙ ጀማሪዎች አፍሪካን ሙጭጭ ብለው ይዘው የሚጠፉት ይህን ሳያነጻጽሩ ነው።

እርግጥ ምንዛሪው የማያድግበትን አጨዋወት የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ ኦንላይን ላይም ጨዋታ የሚከፍተው ሰው ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ይደረጋል። በቋሚ ምንዛሪ ሦስት እግረኛ 4፣ ሦስት ፈረሰኛ 6፣ ሦስት መድፈኛ 8፣ ከየዓይነቱ አንድ 10 ነው። እዚህ ብልሃቱ ይለወጣል። ሦስት እግረኛ የደረሰው ሰው 4 ወታደር ወስዶ ይገላገል ወይስ ሁለት ካርድ ይጠብቅ? ሁለቱ ቀጣይ ካርዶች 10 የሚያወጣውን ስብስብ የሚያሟሉለት ዕድል 31 በመቶ ገደማ ነው። ጫና ከሌለበት መጠበቁ ያዋጣል፤ ድንበሩ ላይ ጠላት ከቆመ ግን አራቱም ነፍስ ያድናሉ።

በቋሚ ምንዛሪ ሰውን ማጥፋት ብዙ ትርፍ ስለሌለው ሰሌዳው ይረጋል፤ ሁሉም አህጉሩን ይይዛል፤ ያን ጊዜ ካርዱ የሰላም ውል ማሰሪያ ይሆናል። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበራቸው ላይ አንዲት ግዛት ለካርድ ማግኛ ይለያሉ። አንዱ በተራው ይይዛትና አንድ ወታደር ብቻ ትቶባት ይሄዳል፤ ሌላው በተራው መልሶ ይይዛትና እሱም አንድ ወታደር ብቻ ይተዋል። በየተራው ሁለቱም በትንሽ ኪሳራ አንድ አንድ ካርድ ያገኛሉ። ቃል አይለዋወጡም፤ ውሉ በእርምጃ ብቻ ይነበባል። አንዱ በድንገት ሦስት ወታደር ካስቀመጠባት ውሉ ፈርሷል ማለት ነው። የዚህ ተቃራኒ ደግሞ ካርድ መከልከል ነው፦ ጠላትህ በርካሽ ሊነጥቀው የሚችለው ግዛት እንዳይኖር በዙሪያው ሁሉ ሦስትና አራት ወታደር ማስቀመጥ። ጠላት ሳይመታ ይራባል። ይህ አጨዋወት ቀስ ያለ ቢሆንም ውበት አለው፤ አንድ ነጠላ ወታደር የት እንደቆመ ማስተዋልን ይጠይቃልና።

በዚህ ዝምተኛ ውል ውስጥ ግን ለማጭበርበር የሚመች ቀዳዳ አለ። በቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ቢጣመሩ ሌላው ፊታቸውን አይቶ ይረዳል። ኦንላይን ላይ ሁለት ስም የከፈተ አንድ ሰው፣ ወይም አስቀድመው የተመካከሩ ወዳጆች፣ አንዱ ለአንዱ ካርድ እየመገበ፣ በመጨረሻም ራሱን አስወርሶ ሊያልፍ ይችላል። ከመሬት ስጦታ የካርድ ስጦታ ይከፋል፤ መሬት ሲሰጥ ሁሉም ያያል፣ ካርድ ሲሰጥ ግን የሚታየው አንድ ተራ ጥቃት ብቻ ነው። የውድድር አዘጋጆች ይህን ለመቆጣጠር የሚያደርጉትን ጥረት አደንቃለሁ፤ የቅን ተጫዋችን ድካም የሚያስከብረው እሱ ነው።

ኮንከር ክለብ ካርዱን ከነጭራሹ የማስቀረት ምርጫም አቅርቧል። ካርዱን ወደ ጦር መሣሪያ የቀየረ "ኒውክለር" የተባለ ምርጫም አለው፦ ሦስት ካርድ ስትመነዝር ወታደር አታገኝም፤ በካርዶቹ ላይ ስማቸው የተጻፈው ሦስት ግዛቶች ግን በቦምብ ይመታሉ፣ በላያቸው የነበረው ሠራዊት ጠፍቶ ባለቤት የሌላት አንዲት ወታደር ብቻ ትቀራለች። የአንተ ግዛት ቢሆንም አይምርም። በዚህ ጊዜ የግዛቱ ስም፣ በተለመደው ጨዋታ ብዙም ትኩረት የማይሰጠው ጽሑፍ፣ የካርዱ ዋና ነገር ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በጣም ርቆ የሄደው በ2008 ዋርላይት ተብሎ የተነሳው፣ ኋላ ዋርዞን የተባለው ጨዋታ ነው። ሁሉም ትእዛዙን በአንድ ጊዜ ይጽፋል፤ ትእዛዞቹ በየተራ እየተቀላቀሉ ይፈጸማሉ። በዳይስ ምትክ በመደበኛው ቅንብር አንድ አጥቂ ወታደር 60 በመቶ፣ አንድ ተከላካይ 70 በመቶ የመግደል አቅም ይታሰብለታል። ካርዱ አንድ ዓይነት መሆኑም ቀርቷል። የማጠናከሪያ ካርድ ወታደር ይጨምራል፤ የስለላ ካርድ በጭጋግ የተሸፈነ የጠላትን ግዛት ይገልጣል፤ የአየር ማጓጓዣ ካርድ ሠራዊትን ከዓለም ጫፍ ወደ ጫፍ ያዛውራል፤ የማገጃ ካርድ የራስህን ግዛት ባለቤት የሌለው ምሽግ አድርጎ በጠላት ፊት ይተክለዋል። ካርዶቹ ሙሉ ሆነው አይመጡም፤ በቁራጭ ይጠራቀማሉ፤ ቁራጩን ለማግኘት ደግሞ በዚያ ተራ ቢያንስ አንድ ግዛት መያዝ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ካርዶች ሁሉ እኔን የሚገርመኝ የማዘግያ ካርድ ነው። አንድም ወታደር አይጨምርም፣ ምንም አይገልጥም። ሁለት እኩል ሠራዊት በድንበር ላይ ሲፋጠጡ ቀድሞ የመታ ይጎዳል፤ ተከላካይ በ70 ይገድላል፣ አጥቂ በ60። ማዘግያውን ያወጣ ሰው የራሱ ጥቃት ከጠላቱ ጥቃት በኋላ እንዲፈጸም ያደርጋል። ጠላት መጀመሪያ ይመታል፣ በተከላካዩ ክንድ ይሳሳል፤ ከዚያ በቀረው ላይ መልሶ ማጥቃቱ ይወርድበታል። ጠላትም ማዘግያ ካለው ግን ሁለቱም ያወጡና ማን የመጨረሻ እንደሚሆን የሚወስነው ቀሪው የካርድ ብዛት ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ተጫዋቾች ገና ከመጀመሪያዎቹ ተራዎች ጀምሮ ጠላታቸው ስንት ቁራጭ እንዳጠራቀመ መቁጠር ይጀምራሉ።